ከጨፌው እስከ ትኬቱ ደጃፍ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የዕረፍትና የሽርሽር ታሪክ

ሰው በሥራው ራሱን ያኖራል፤ በዕረፍቱም ራሱን ያድሳል። ስለዚህም የአንድን ኅብረተሰብ ታሪክ ለመረዳት እንዴት እንደሚያመርት መመርመር የሚያስፈልገውን ያህል፣ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ከማን ጋር እንደሚጫወትና የሚጫወትበትም ሜዳ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። ስለ ነገሥታት ግብር፣ ስለ ዘመቻዎችና ስለ አዋጆች ብዙ ተጽፏል። የሥራው ቀን ሲያበቃ ሕዝቡ ወዴት ይሄድ እንደ ነበረ፣ በሄደበትም ምን አግኝቶ ምን እንዳጣ የሚያወሳው ጽሑፍ ግን ጥቂት ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር አዲስ አበባን የከበቡትን ከተሞች ያህል አመቺ ቦታ አይገኝም። ገላን በደቡብ ምሥራቅ፣ ሰበታ በደቡብ ምዕራብ፣ ቡራዩ በምዕራብ፣ ሱሉልታ በሰሜን ሆነው ዋና ከተማዋን እንደ ቅጥር በር ከበዋታል። በእነዚህ በሮች በሳምንቱ መካከል እህል፣ የፋብሪካ ምርትና የቀን ሠራተኛ ይመላለስባቸዋል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ አየር ለመለወጥ የሚሻው ከተሜ ይወጣባቸዋል። የኦሮሚያ ክልል በ2015 ዓ.ም. እነዚህንና ሌሎች አጎራባች ከተሞችን አጣምሮ የሸገር ከተማን አቋቁሟል። አስተዳደራቸው ይለወጥ እንጂ የመተላለፊያነት ዕጣቸው ግን የቆየ ነው።

በእነዚህ አራት በሮች የወጣው የሽርሽር ታሪክ በአጭሩ ሲጠቃለል የሚከተለውን ያሳያል። የመዝናኛው ቦታ ተሻሽሏል፤ የዕረፍቱም ጊዜ በሕግ ተረጋግጧል። በሩ ግን ጠቧል፤ ተጫዋች የነበረውም ሕዝብ ወደ ተመልካችነት አዘንብሏል። ትርፉም ኪሣራውም በአንድነት ካልተመዘኑ ፍርዱ የተዛባ ይሆናል።

ጨፌው ክፍት በነበረበት ዘመን

ገላን የከተማ ስም ከመሆኑ በፊት የቱለማ ኦሮሞ የአንድ ጎሣ ስም ነው፤ ጉለሌና የካም እንዲሁ። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት በዚህ አካባቢ የነበረው መዝናኛ ከዘመን አቆጣጠሩና ከእርሻው ሥራ ጋር የተሳሰረ ነበር። ክረምቱ አልፎ መስኩ በአደይ አበባ ሲሸፈን ሕዝቡ እርጥብ ሣር ይዞ ወደ ውኃ ዳር ይወርዳል፤ በኢሬቻም ምስጋናውን ያቀርባል። እህሉ ተሰብስቦ ምድሩ ሲጠና ፈረሰኛው ለጉግስ ይወጣል። በክርስቲያኑም ሕዝብ ዘንድ የገና ዕለት መንደር ከመንደር ጋር በተቆለመመ ዱላ ሩር እየመታ ይፋለማል። በጥምቀት ልጃገረዷ ተውባ ትወጣለች፤ በቡሄ ሕፃናቱ ጅራፍ ያጮኻሉ፤ በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶቹ አበባ ይዘው ከደጅ ደጅ ይዞራሉ።

የዚህ ሁሉ ጨዋታ ባሕርይ አንድ ነው። ጨዋታውን የሚሠራው ራሱ ተጫዋቹ ነው። ዱላው ከጫካ ይቆረጣል፤ ዜማው ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ሜዳውም የመንደሩ የግጦሽ መሬት ነው። መግቢያ አይከፈልም፤ አጥርም የለም። የገና ጨዋታ ልማድ ደግሞ ከዚህም አልፎ ለአንድ ቀን ያህል የማዕረግን ልዩነት ያላላ ነበር፤ በጨዋታው መካከል የተመታ ጌታ በአገልጋዩ እንዳይቆጣ ባህሉ ያስገድደዋልና።

ይሁን እንጂ ያን ዘመን ያለ ነቀፋ ማወደስ ታሪክን ማዛባት ይሆናል። ጨፌው ክፍት ነበር፤ ጊዜው ግን ለሁሉም ክፍት አልነበረም። ለጉግስ የሚወጣው ፈረስ ያለው ሰው ነው። ወንዱ በሜዳ ሲውል ሴቲቱ ወፍጮዋን፣ ውኃዋንና ምድጃዋን ትታ የምትወጣበት ቀን ከዓመት እስከ ዓመት በጣት የሚቆጠር ነበር። የባለጉልቱ ገባርና የቤት አገልጋዩም በበዓል ቀን ሥራው ይበዛ እንደ ሆነ እንጂ አይቀንስም። የቀድሞው ጨዋታ የጋራ እንደ ነበረ እውነት ነው፤ የዕረፍት መብት የሚባል ነገር ግን ገና አልታወቀም ነበር።

ባቡርና ፍል ውኃ

የዋና ከተማዪቱ ታሪክ ራሱ ከመዝናናት ጋር የተያያዘ ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ተራራ ላይ በከተሙበት ዘመን መኳንንቱ ከተራራው ግርጌ ወደሚፈልቀው ፍል ውኃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከተማዪቱ አዲስ አበባ ተብላ የተቆረቆረችው እቴጌዪቱ በፍል ውኃው አካባቢ ያለውን ምድር ወደው ቤት እንዲሠራ በማድረጋቸው ነው። እንግዲህ ከመከላከያ አምባነት ይልቅ ጤናንና ዕረፍትን የሻተ አሳብ ዋና ከተማን ወልዷል ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ በአራቱም አቅጣጫ መንገዱ ተዘረጋ። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂን፣ ዱከምን፣ ቢሾፍቱን፣ ሞጆንና አዳማን ከዋና ከተማዪቱ ጋር አስተሳሰረ። የቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆችም የከተሜው የዕረፍት ስፍራ ለመሆን በቁ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። በምዕራቡ በር በቡራዩ በኩል የሚያልፈው መንገድ ከገፈርሳ የውኃ ግድብ ዳር አልፎ ወደ አምቦ ፍል ውኃ ያደርሳል። በሰበታ በኩል የሚወጣው መንገድ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ያመራል። ይህ ጫካ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገርለታል። በሱሉልታ በኩል የሚወጣው ደግሞ ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ይወስዳል።

የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ መንገዶቹን አስፍቷል፤ ነገር ግን በዘር ላይ የተመሠረተ የልዩነት ሕግ አምጥቶ ኢትዮጵያውያንን በገዛ ከተማቸው ከነጮች የመዝናኛ ስፍራዎች አግልሏል። ከነጻነት በኋላ መናፈሻና የሕዝብ መዝናኛ የሚባለው አሳብ ቀስ በቀስ ሥር ሰደደ። በ1940 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ የተቋቋመው አንበሳ ግቢ ለብዙ ትውልድ ሕፃናት የመጀመሪያው የጉብኝት ስፍራ ሆነ። በ1950ዎቹ የቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም መሥራቹ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን የ13 ወር ጸጋ ባለቤት አድርገው ለዓለም አስተዋወቋት። በአዋሽ ወንዝ ዳር ሶደሬ፣ በስምጥ ሸለቆ ላንጋኖ፣ በደቡብ ወንዶ ገነት የታወቁ መዝናኛዎች ሆኑ። አቶ በቀለ ሞላን የመሰሉ አገር በቀል ነጋዴዎችም በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ ሆቴሎቻቸውን ዘረጉ።

ይህ ዓይነቱ ሽርሽር ግን ደመወዝተኛውንና ባለመኪናውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የውጭ አገር ጎብኚውን ታሳቢ ያደረገ ነበር። የሚበዛው ሕዝብ ዕረፍቱን ያሳልፍ የነበረው በሌላ መንገድ ነው። ለመስቀል ወደ ጉራጌ የሚወርደው ነጋዴና ሊስትሮ፣ በኅዳርና በጥር የዘመድ ሠርግ ለማየት ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለሰው ሠራተኛ፣ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል፣ በጥቅምትና በመጋቢት 5 ወደ ዝቋላ አቦ የሚጓዘው ምእመን፣ ወደ ባሌ ሼክ ሁሴን የሚተመው የእስልምና ተከታይ፣ እነዚህ ሁሉ ሥራቸውን ትተው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ቆሎ ተካፍለው ይጓዛሉ። ለኢትዮጵያውያን የዓመት ዕረፍት ማለት ለረጅም ጊዜ ወደ ሰው መሄድ ነበር። ወደ ቦታ ለቦታው ሲባል መሄድ በኋላ የመጣ ልማድ ነው።

ክበቡና የይለፍ ወረቀቱ

የ1966 ዓ.ም. አብዮት የመዝናኛውን ባለቤትነት ለወጠው። በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ሆቴሎች ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛወሩ፤ ቆይተውም በመንግሥት የሆቴል ድርጅቶች ሥር ተደራጁ። የ1968 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64 የሠራተኛውን የዕረፍት መብት በሕግ አጸና። በየቀበሌው የመዝናኛ ክበብ ተከፈተ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረውና በጥቂቶች ሳሎን ተወስኖ የነበረው ቴሌቪዥን በክበቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መንደርተኛው በጋራ ይመለከተው ጀመር። የኪነት ቡድኖች በየሥፍራው ተቋቋሙ፤ የዳማና የጠረጴዛ ቴኒስ ውድድርም የሠፈሩን ወጣት አሰባሰበ። ከዚያ በኋላ ስማቸው ከታወቀ ድምፃውያንና ተዋንያን መካከል የመጀመሪያ መድረካቸው የቀበሌ አዳራሽ የነበረው ጥቂቶች አይደሉም።

የዚያው ዘመን ሌላው ገጽ ግን ከባድ ነበር። ከቀዬ ወደ ቀዬ ለመጓዝ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ የሰዓት እላፊው ሌሊቱን ዘጋው፤ ስብሰባውና ዘመቻው ሰንበቱን ተሻማው። ዕረፍት በሕግ ተሰጥቶ በመመሪያ ተወሰደ። ክበቡም ለመንደርተኛው ቅርብ መሆኑ ጥቅሙ ሲሆን፣ የሚታየውና የሚዘፈነው ከላይ የተፈቀደው ብቻ መሆኑ ጉድለቱ ነበር። ይህ ተሞክሮ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ በሩን በነጻ መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ የገባው ሰው የፈቀደውን የመጫወት ነጻነት ሊኖረው ይገባል።

የውጪው ዓለም ልምድ

በዚህ ዘመን በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የሚታየው የመዝናኛ መናፈሻ በሌላው ዓለም የረጅም ጊዜ ታሪክ አለው። በቪየና የሚገኘው ፕራተር የነገሥታት የአደን ሜዳ ነበር፤ ዳግማዊ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1766 ለሕዝብ ከፈቱት። በኮፐንሃገን የሚገኘው ቲቮሊ እ.ኤ.አ. በ1843 ተከፈተ። በሞስኮ በኋላ በጎርኪ ስም የተሰየመው የባህልና የዕረፍት መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ1928 ተከፍቶ ለሠራተኛው ስፖርትን፣ ትምህርትንና ትርኢትን በአንድ ቅጥር አቀረበ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1936 ለሠራተኛዋ የሁለት ሳምንት ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት በሕግ ስትፈቅድ የባሕር ዳርቻዎቿ ባሕር አይተው በማያውቁ ቤተሰቦች ተሞሉ።

በአንድ ጭብጥ ላይ ተመሥርቶ የሚሠራው የመዝናኛ መናፈሻ ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘው ግን ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1955 በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድን ሲከፍት ነው። ጎብኚው በተረት ዓለም ውስጥ እንደሚመላለስ እንዲሰማው ሕንፃው፣ ዜማውና የሠራተኛው ልብስ ሳይቀር በአንድ ታሪክ ዙሪያ ተቀናጀ። በመጀመሪያ ጎብኚው አነስተኛ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ለየጨዋታው ለየብቻ ይገዛ ነበር፤ ከ1982 ጀምሮ አንዱ ትኬት ሁሉንም እንዲያጠቃልል ተደረገ። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ተጨማሪ የከፈለ ሰው ከሰልፉ ቀድሞ የሚገባበት አሠራር መጣ። ቀድሞ ባለጸጋውና ድኻው በአንድ ሰልፍ መቆማቸው የመናፈሻው አንድ ጸጋ ነበር፤ አሁን ሰልፉም ለሽያጭ ቀረበ። በአንጻሩ የሞስኮው መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ2011 የመግቢያ ክፍያውን ሰርዟል። ከዚህ እንደሚታየው የመዝናኛ ስፍራ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ የሚያስገድደው ሕገ ተፈጥሮ የለም፤ በሩን የሚያጠበውም የሚያሰፋውም የሰው ውሳኔ ነው።

ትኬቱ መጣ

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ባለሀብት በመዝናኛው መስክ ተሰማራ። በቦሌ አካባቢ በመብራት የሚሽከረከሩ የሕፃናት መጫወቻዎችና በኤድና ሞል እንደ ታየው ሲኒማን ከጨዋታ ጋር ያጣመሩ አዳራሾች ተከፈቱ። የቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርቻ በመዝናኛ ሆቴሎች ተሞላ። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ከገላን አጠገብ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ሲመረቅ ጉዞው አጠረ፤ በ2011 ዓ.ም. ግድም በቢሾፍቱ የተከፈተው የኩሪፍቱ የውኃ መዝናኛ ፓርክም ሸርተቴውን፣ የሰው ሠራሽ ማዕበሉንና የመዋኛ ገንዳውን በአንድ ትኬት አቀረበ። በሱሉልታ ከፍታ ላይ ያያ መንደር አትሌቶችንም እንግዶችንም ያስተናግዳል።

መንግሥትም በዚሁ መስክ በስፋት ገባ። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፈተ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የሸገርና የእንጦጦ ፓርኮች ተከተሉ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በጎዳናው ዳር የእግረኛና የብስክሌት መንገድ፣ ፏፏቴና የሕፃናት መጫወቻ አበጀ፤ በአንጻሩ ፒያሳን የመሰሉ ነባር ሠፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውረዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ለታሪክ ተመራማሪው ልዩ ትርጉም ያለው አንድነት ፓርክ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሕዝብ ከውጭ ሆኖ አጥሩን ብቻ ያየው ግቢ በሩን ከፈተ። ጎብኚው ዓፄ ምኒልክ ግብር ያበሉበትን አዳራሽ፣ የዙፋን ቤቱን፣ በዙፋን ቤቱም ሥር በ1967 ዓ.ም. የተገደሉት የቀድሞ ባለሥልጣናት ታስረውበት የነበረውን ምድር ቤት ያያል። ደስታና ሐዘን በአንድ ቅጥር መቅረባቸው ፓርኩን ከተራ መጫወቻ ከፍ ያደርገዋል።

ይሁን እንጂ ፓርኩ ሲከፈት የመግቢያው ዋጋ ለመደበኛ ጎብኚ 200 ብር፣ ለልዩ ጎብኚ 1,000 ብር ነበር። በዚያው ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 1,100 ብር ነበር። እንግዲህ ባልና ሚስት ያለ ልጆቻቸው ለመግባት ከወር ደመወዝ ሲሦውን የሚበልጥ ገንዘብ ማውጣት ነበረባቸው። በምኒልክ ግብር አዳራሽ እንግዳው በማዕረጉ ቅደም ተከተል ይገባ ነበር፤ ታናሹም ተራው ሲደርስ ይበላ ነበር። በትኬቱ ዘመን ማዕረግ የነበረውን ቦታ ገንዘብ ተካው፤ የሌለው ሰው ግን ተራው የሚደርስበት ሰዓት የለም።

ትርፉና ኪሣራው

ለውጡ ያመጣውን በጎ ነገር መካድ አይገባም። በመጀመሪያ፣ ሕፃናት በከተማ ውስጥ ከመኪና አደጋ ተጠብቀው የሚጫወቱበት ስፍራ ማግኘታቸው ታላቅ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ሴቶች ከባላቸውና ከልጆቻቸው ጋር፣ ወይም ከጓደኞቻቸው ጋር ሳይሸማቀቁ የሚውሉበት ስፍራ ተገኘ፤ ይህ ከቀድሞው ጠጅ ቤትና መሸታ ቤት ጋር ሲነጻጸር የማይናቅ እርምጃ ነው። ሦስተኛ፣ በእንጦጦ እንደ ታየው ተራራው ተጠብቆ ሕዝብ የሚናፈስበት ሆነ። አራተኛ፣ የሥራ ዕድል ተከፈተ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በርካታ የአገሪቱ መንገዶች በጸጥታ መጓደል በተቸገሩበት ጊዜም ሩቅ መሄድ የማይችለው ቤተሰብ በቅርብ የሚናፈስበት አገኘ።

ኪሣራው ደግሞ ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው የጊዜና የገንዘብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሳምንቱን ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ለአንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛም 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ለየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨምርለታል። በገላን የፋብሪካ ቀበሌ ወይም በሰበታ የአበባ እርሻ ለተቀጠረች ወጣት ግን ይህ ዕረፍት አብዛኛውን ጊዜ ወላጆቿን ለመጠየቅ የሚውል ነው። በፋብሪካዋ ደጅ የሚያልፈው መንገድ ወደ መዝናኛ የሚወስድ መሆኑን ታውቃለች፤ በአውቶቡሱ የምትሳፈረው ግን በሌላ አቅጣጫ ነው።

ሁለተኛው የመሬትና የውኃ ነው። በዙሪያው ከተሞች ጨፌው ፋብሪካ፣ የመኖሪያ ሠፈርና የአበባ እርሻ ሆኗል። የዋና ከተማዪቱ መስፋፋት የገበሬውን ይዞታ ምን ያህል እንደ ተጋፋ ለማስታወስ በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና የኦሮሚያ ልዩ ዞን ከተሞችን በሚያዋህደው ማስተር ፕላን ላይ የተነሣው፣ የብዙ ወጣቶችን ሕይወት የቀጠፈውና በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱን ያሰረዘው ተቃውሞ ይበቃል። ልጆች ይዋኙበት የነበረው የአቃቂ ወንዝ በቆዳ ፋብሪካዎችና በከተማ ፍሳሽ ተመርዟል፤ ውኃው የሚጠራቀምበት የአባ ሳሙኤል ግድብም ከብክለቱ አልዳነም። ነጻው ውኃ ሲበከል የሚቀረው በክሎሪን የታከመውና በትኬት የሚገባበት ገንዳ ብቻ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ዳርቻዎችም በሆቴል አጥር መታጠራቸው የአካባቢው ተወላጅ አያቶቹ ከብት ያጠጡበትን ውኃ በቡና ዋጋ እንዲያይ አድርጎታል።

ሦስተኛው የፈጠራ ነው፤ ይህም ለኪነ ጥበብ ሰው ከሁሉ የከበደ ሊሆን ይገባል። በገና ጨዋታ ዱላውን የሚቆርጠው፣ ዜማውን የሚያወጣው፣ ሕጉን የሚዳኘው ራሱ ተጫዋቹ ነበር። በትኬቱ መዝናኛ ሕፃኑ ተቀምጦ ይሽከረከራል፤ ማሽኑ ሲቆም ይወርዳል። በመጫወቻ ስፍራዎች ግድግዳ ላይ የሚሣሉትም በአብዛኛው ከአሜሪካ ፊልም የተቀዱ አይጦችና ዳክዬዎች ናቸው። የጅብና የጦጣ ተረት፣ የአለቃ ገብረ ሀና ቀልድ፣ የኦሮሞ የሌሊት እንቆቅልሽ የሚነገርበት አገር ልጅ በገዛ መንደሩ የውጭ ተረት እንግዳ ይሆናል። ዲዝኒ ያደረገው የራሱ ሕዝብ የሚያውቀውን ተረትና ትዝታ በሕንፃ መተርጎም ነበር። ከእርሱ መቀዳት የነበረበት ይህ ጥበብ ሆኖ ሳለ የተቀዳው ሥዕሉ ነው።

የአስተማሪውና የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ

እንግዲህ መደረግ የሚገባው ምንድን ነው? ትኬቱን በጥላቻ ማየት መፍትሔ አይሆንም። መናፈሻ ጥበቃና እድሳት ይሻል፤ ይህም ወጪ አለው። ነገር ግን ሕዝብ በግብሩ ወይም በመዋጮው የሠራው ስፍራ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ያለ ክፍያ ቢከፈት፣ ለተማሪና ለጡረተኛ ዋጋው ቢቀነስ፣ የጉብኝት አውቶቡሱ ከቦሌ ብቻ ሳይሆን ከገላንና ከሰበታ ትምህርት ቤቶችም ቢነሣ በሩ ይሰፋል። የሐይቅ ዳርቻ ለባለሀብት በሚሰጥበት ጊዜም ለሕዝብ የሚሆን መውረጃ በውል መለየት አለበት።

የአካባቢውን ሰው ተሳታፊ የሚያደርግ አሠራር አገር ውስጥ የሚታጣ አይደለም። በሰበታ በር ወጥቶ በወሊሶ በኩል ወንጪ የሚደርስ እንግዳ ወደ ሐይቁ የሚወርደው የአካባቢው ገበሬዎች በየተራ በሚያቀርቡት ፈረስ ነው። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው መንደሮች አንዱ ለመሆን የበቃው የመልክዓ ምድሩ ውበት ከነዋሪው ተሳትፎ ጋር በመጣመሩ ነው። የፈረሱ ባለቤት፣ መንገዱን የሚመራውና ታሪኩን የሚተርከው አንድ ሰው በሆነበት ስፍራ ጎብኚውም ከተመልካችነት ወደ እንግድነት ከፍ ይላል።

በከተማ ዕቅድ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሠፈር አንድ ባዶ ሜዳ መተው የፓርክ ግንባታን ያህል ክብር ሊሰጠው ይገባል። ባዶ ሜዳ ርካሽ ነው፤ ምርቃትም አያስፈልገውም። ልጆች በጨርቅ ኳስ ሲጫወቱበት፣ በገና ሩር ሲመቱበት፣ ሽማግሌዎች በጥላው ሥር ገበጣ ሲያሰልፉበት፣ የሠፈሩ ኪነት ሲለማመድበት ሜዳው በራሱ መናፈሻ ይሆናል። ቀራጺውና ሠዓሊው ለመጫወቻ ስፍራ ሥራ ሲጠሩ ከአገሩ ተረት፣ ከፈረሰኛው፣ ከአሸንድዬውና ከዋርካው ቢነሡ ሕፃኑ በዥዋዥዌው ላይ ተቀምጦ የአያቱን ታሪክ ያገኛል። አስተማሪውም ተማሪዎቹን ወደ መናገሻ ሱባ ሲያወጣ የጥዱን ዕድሜ ቆጥሮ፣ የዘርዐ ያዕቆብን ትውፊት ተርኮ፣ ተመልሰው እንዲጽፉና እንዲሥሉ ቢያደርግ የአንድ ቀኑ ሽርሽር የዓመት ትምህርት ይሆናል።

የዕረፍት መብት በብዙ ድካም የተገኘ ነው። ገባሩ ያልነበረውን ቀን የልጅ ልጁ በሕግ አግኝቷል፤ የቤተ መንግሥቱ አጥርም ተከፍቷል። የሚቀረው ሥራ ያ ቀን የሚውልበት ሜዳ ከእጅ እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። በገላንና በሱሉልታ ገና አጥር ያልተበጀላቸው ጥቂት ጨፌዎች አሉ። ከእነርሱ መካከል የልጆች መጫወቻ ሆኖ የሚቀረው የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው ካርታው ከመጽደቁ በፊት ነው፤ ካርታው በሚነደፍበትም ጠረጴዛ ዙሪያ ከመሐንዲሱ አጠገብ አስተማሪውና የኪነ ጥበብ ሰው መቀመጫ ሊኖራቸው ይገባል።